የኦረስት ዳኒሉክ ጉሮሮ

ኦረስት ዳኒሉክ በክሬንሌክ የበረዶ ሜዳ «ቀይር!» ብሎ ሲጮህ የሚቀየሩት አምስቱ ተጫዋቾች ብቻ አልነበሩም። ከሜዳው ጀርባ የሚያልፈው የስንዴ ባቡር ሐዲድ ቀይሮ ያውቃል ይባላል። የጥርስ ሐኪማችን መስኮቱን ከፍቶ ሲሠራ ድምፁን ሰምቶ ከታመመው ጥርስ ወደ ጤነኛው ተሻግሯል። ጥርሱ የእኔ ስለነበር፣ አጋነንክ የሚለኝ ካለ ይምጣና አፌን ይመልከት።

በእኛ ጨዋታ ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ከሃምሳ ሰከንድ በላይ መንሸራተት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ እግሩ የራሱ አይደለም። ስለዚህ ዳኛ ፊሽካ ሳይነፋ፣ ጨዋታው እየሄደ፣ አምስቱ ወደ አጥሩ ሮጠው ይወጣሉ፤ አምስት ትኩስ ደግሞ አጥሩን ዘለው ይገባሉ። አንድ ሰከንድ ቀድመህ ከጠራህ በረኛህ ብቻውን ይቀራል። አንድ ሰከንድ ከዘገየህ ልጆችህ ሠርግ አምሽተው እንደወጡ ሽማግሌዎች ይንገዳገዳሉ። ኦረስት ያቺን ሰከንድ ያውቃት ነበር። ድምፁን ደግሞ የሰጠው አስተዳደጉ ነው፤ አባቱ ጆሮው የማይሰማ፣ የአባቱ ትራክተር ደግሞ ዝም የማይል ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክሬንሌክን አሠለጠነ። ክረምት ክረምት የእኛን ቡድን፣ በጋ በጋ ደግሞ የአውራጃውን ልጆች ሁሉ፤ በአርባ ኪሎ ሜትር የሚርቁትን የጠላታችንን የሃልብራይትን ልጆች ጭምር። «ልጅ ጠላት የለውም» ይል ነበር። በሊ ካፌ የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ የምንቀመጠው ሰዎች በዚህ ነገር ሁልጊዜ እናማው ነበር። ሐሜታችን ለምን ትክክል እንደነበረ ኋላ ታያላችሁ።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫው ሲያመልጠን የሜዳው ቦርድ ተሰብስቦ ኦረስት ይብቃው አለ። ውሳኔውን እንዲነግረው የተላከው ሎርን ቶርሰን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ረዳቱ የነበረ፣ በማግስቱም ተተኪው የሆነ። ሎርን ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ፊት ለፊት መናገር አቃተው። ደብዳቤውን በኦረስት ፒክአፕ መጥረጊያ ሥር አስገብቶ ሄደ። ቀኑ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ዲግሪ ስለነበር ደብዳቤው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። ኦረስት ስንብቱን በበረዶ መፋቂያ እየፋቀ፣ ቁርጥራጩን መዳፉ ላይ እየገጣጠመ አነበበው። «እናመሰግናለን» የሚለው ቃል ግን መስታወቱ ላይ ቀረ፤ እስከ መጋቢት ድረስ እሱን እያየ ነዳ።

ከዚያ ወዲያ ከሎርን ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በከተማችን ሜዳው ውስጥ ቦታ የሌለው ሰው ደግሞ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ቢቀር ይጸለይለታል፤ ሜዳ ቢቀር ግን ሰው ያፍርለታል። ኦረስት ሜዳው ያለበትን መንገድ ትቶ በመቃብሩ በኩል ዞሮ ዳቦ ይገዛ ጀመር። ሚስቱ ስቴላ አንድ ቀን ካፌ መጥታ እንዲህ አለችን፦

«ሰውዬው አብዷል። ድመቷ ሶፋ ላይ ከተኛች ሃምሳ ሰከንድ ይቆጥርና ‹ቀይር!› ይላታል። ውሻው ይወጣል፣ እሷ ትወርዳለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስታለች።»

«ውሻውስ?» አልናት።

«ውሻውማ ዘንድሮ ጥሩ ወቅት ላይ ነው።»

በሦስተኛው ዓመት ያዳነው ቴሌቪዥን ነው። የአውራጃችንን ጨዋታ የሚያስተላልፈው ጣቢያ ተንታኙ ጡረታ ሲወጣ፣ የስፖርቱ ኃላፊ ሞሪን ካስል ኦረስትን ለአንድ ወቅት ለሙከራ ወሰደችው። ሞሪን አጭር ሴት ናት፤ ንግግሯ ደግሞ ከእሷ ያጥራል።

የመጀመሪያው ስርጭት ጥፋት ነበር። ኦረስት ማይክሮፎን ማለት ሩቅ ላለ ሰው የሚጠቅም ዕቃ መሆኑን አልተረዳም፤ ሩቅ ላለው በራሱ መንገድ ጮኸለት። በዚያ ቅዳሜ በአውራጃው ውስጥ ስድስት መስማት የተሳናቸው ሽማግሌዎች የመስሚያ መሣሪያቸውን ጥለው ዳግመኛ አያስፈልገንም ብለዋል።

ሞሪን በማግስቱ ጠራችው። የምትቆምበት ቦታ ከሁለቱ ቡድኖች የተቀያሪ ወንበሮች መካከል ነው አለችው፤ በግራ መስታወት፣ በቀኝ መስታወት፣ ከፊትህ በረዶው። ወገቡ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አሰረችለት።

«ይቺ ቁልፍ ለሳል ናት። ስትጫናት ድምፅህ ለተመልካች አይሄድም። ሌላ ጥቅም የላትም።»

«ገባኝ።»

«አልገባህም። ከዚያ ቦታ ለአንዱ ቡድን አንዲት ቃል ብታቀብል ሊጉ እኛን ከሜዳው ያባርረናል። ስለዚህ እኔ ቀድሜ አንተን አባርርሃለሁ። ቴሌቪዥን አሠልጣኝ አይቀጥርም።»

«ሎርን አጠገብ ነው የምታቆሚኝ?»

«በመሃላችሁ መስታወት አለ።»

ኦረስት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንጩን በሱፍ ፍሬ እየሞላ ይገባ ጀመር፤ አፉ ሥራ ካለው አይጮህም ብሎ። ተአምሩም እዚያ ላይ ተጀመረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅርፊቱን በጥርሱ እየሰበረ፣ የሚሆነውን ከመሆኑ በፊት ይናገራል። «ሰባት ቁጥር ግራ ጉልበቱን አሞታል፤ አሁን በዚያ በኩል ይመጡበታል» ይላል፤ አራት ሳትቆጥሩ ይመጡበታል። የመርቪን ኮክስ ሚስት የባሏን መክዳት ለማወቅ ኦረስትን ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ ሰው ነው የከለከላት። ባለካፌው ሊ ራሱ፣ ሃያ ዓመት ቴሌቪዥኑን ያለ ድምፅ ያቆየ ሰው፣ ድምፅ ከፈተ።

ወቅቱ ሲያልቅ ሞሪን የአምስት ዓመት ውል አዘጋጀች። ከፍጻሜው ጨዋታ በኋላ ይፈርማል። ኦረስት ሜዳው ባለበት በአደባባዩ መንገድ ዳቦ መግዛት ጀመረ።

ፍጻሜው ከሃልብራይት ጋር ነው፤ ከሰባት ጨዋታ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ሦስት ለሦስት ሆነን ሰባተኛው በእኛ ሜዳ እሑድ ከምሳ በኋላ ተጀመረ። ሁለት ሺህ ሰው፣ ለማበረታቻ የሚደወል ሁለት ሺህ የላም ቃጭል። ካፌው ተዘግቶ ሊም እዚያው ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር አንድ ነገር መበላሸቱን መጀመሪያ ያየው ኦረስት ነው። በግራው መስታወት በኩል ሎርን አፉን ይከፍታል፤ ተጫዋቾቹ ግን አንገታቸውን አስግገው «ምን አልክ?» ይሉታል። ስድስት ጨዋታ ሙሉ የጮኸ ጉሮሮ በሰባተኛው ተዘግቷል። ከሎርን የሚወጣው ድምፅ የድሮ በር ማጠፊያ ድምፅ ነበር።

ወንበሩ ላይ ያሉትን ትከሻቸውን እየነካ ያስገባቸዋል። በረዶው ላይ ያሉትን ግን በምን ይጥራቸው? በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች አምበላችን ዱዌይን ዴላሮንድ እየገመተ ሲያወጣቸው ተረፍን። ሁለት ለሁለት አለቀ። ጭማሪ ሰዓት መጣ፤ መጀመሪያ ያገባ ዋንጫውን ይወስዳል።

በጭማሪ ሰዓት ቡድኖቹ ጎል ይቀያየራሉ። ያኔ የራሳችን ጎል ከወንበራችን ይርቃል፤ የሚከላከሉ ልጆች ከደከሙ ለመውጣት ግማሽ ሜዳ መሮጥ አለባቸው። በዚህ ሰዓት የጠፋች አንዲት ጥሪ ወቅቱን ሁሉ ትበላለች።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሃልብራይቶች በእኛ ክልል ውስጥ ዘጉን። አርባ ሰከንድ። ሃምሳ። ኦረስት ሱፉን ማኘክ አቆመ።

«ኦረስት፣ ልጆቹ የደከሙ ይመስላል» አለው በጆሮው ማዳመጫ ከላይ ከማማው ሆኖ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋርኔት።

«ሰባ ሰከንድ ሆኗቸዋል» አለ ኦረስት በዝግታ። «ዱዌይን ዱላውን ይዞ አይደለም የቆመው፤ ዱላው ነው ዱዌይንን የያዘው።»

ሰማንያ ሰከንድ። በረኛችን ትሬንት ሁለት ኳስ በደረቱ መለሰ፤ ኳስ ስል ያቺን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ማለቴ ነው፣ ፓኩን። ሃልብራይቶችም ደክመዋል፤ ግን የሚያጠቃ ሰው ድካሙን የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ዘጠና ሰከንድ። ሎርን አጥሩን በሁለት እጁ ይደበድባል፤ ቃጭሉ ይውጠዋል። አፉን ከፈተ። ምንም የለም።

ያኔ ሎርን ወደ መስታወቱ ዞረ።

ሦስት ዓመት ዓይኑን ያላየውን ሰው አየው። በአንድ ጣት ውፍረት መስታወት ማዶ፣ አንደኛው የሚለውን ያውቃል፣ ጉሮሮ የለውም፤ ሌላኛው ጉሮሮ አለው፣ መብት የለውም። ሎርን የጨዋታ መሳያ ሰሌዳውን አነሣ፣ በእስክሪብቶው አንድ ቃል ጻፈና መስታወቱ ላይ ለጠፈው፤ በጣቱም የኦረስትን ጉሮሮ አመለከተ።

ኦረስት ቃሉን ለማንበብ መፋቂያ አላስፈለገውም።

አንገቱን በእምቢታ ነቀነቀ። አምስት ዓመት። ሜዳው። አደባባዩ መንገድ። ደግሞም ይህ ሰው! ሎርን ግን ሰሌዳውን አላወረደም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ጉንፋን ይሁን ሌላ፣ ስለዚያ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ዱዌይን የመጨረሻ ጉልበቱን አሟጦ ፓኩን ከክልላችን ወደ መሃል ሜዳ መታት። በበረዶው ላይ እየተንሸራተተች ሄደች፣ ማንም አልያዛትም። ያቺ ሰከንድ መጣች። ኦረስት አወቃት፤ ጉልበቱ አወቃት፣ ጥርሱ አወቃት። አሁን ወይም መቼም።

አውራ ጣቱ የሳሉን ቁልፍ ተጫነች። የሱፉን ፍሬ በሙሉ በረዶው ላይ ተፋ።

«ቀይይይር!»

ጥሪው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ሆኪ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ትክክል ነበር ይላል። አምስቱ ልጆቻችን የሞተ እግራቸውን ይዘው ወደ ወንበሩ በረሩ። ችግሩ ሌላ ነው። በረዶው ላይ ከነበሩት አምስት የሃልብራይት ልጆች አራቱ በዘጠኝ ዓመታቸው፣ በአሥር ዓመታቸው፣ በጋ በጋ ይህንኑ ድምፅ ሲሰሙ አጥር ሲዘሉ ያደጉ ናቸው። እግራቸው አእምሯቸውን አልጠየቀም። አራቱም ፊታቸውን አዙረው ወደ ወንበራቸው ከነፉ! የሃልብራይት አሠልጣኝ «ወዴት ነው? ማን ጠራችሁ?» እያለ ባርኔጣውን ሲረግጥ አራቱ አጥሩን ዘለው ገቡ። በረኛችን ትሬንት እንኳ፣ እሱንም ያሳደገው ያው ጉሮሮ ነውና፣ ከጎሉ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ነበር።

ለአንድ አፍታ በዚያ ሰፊ በረዶ ላይ የቀሩት ሁለት ዳኞች፣ ሁለት በረኞች፣ መሃል ላይ ብቻዋን የምትሽከረከር ፓክና አንድ ልጅ ነበሩ።

ልጁ፣ አምስተኛው የሃልብራይት ተጫዋች፣ ቬይኮ ይባላል። በጥቅምት ከፊንላንድ የመጣ። የኦረስትን በጋ አላየም፣ የኦረስትን ድምፅ አያውቅም። ግራ ቀኝ አየ፤ ሰው የለም። ፓኩን አየ። ትኩሶቹ ልጆቻችን አጥሩን ሲዘሉ እሱ አልፏቸው ነበር። ትሬንት ወደ ጎሉ ለመመለስ ዞረ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው ፓኩ በትከሻው በኩል አልፋ መረቡ ውስጥ ገባች።

ቃጭሉ ሁሉ አንድ ላይ ዝም አለ። ሁለት ሺህ ቃጭል ዝም ሲል የሚሰማውን ድምፅ ጠላቴ አይስማው።

ከዚያ ምድር ቀውጢ ሆነች። ሕዝቡ ጩኸት መኖሩን እንጂ የማን እንደሆነ አልለየም፤ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ቃሉን የለየው የሠለጠነ ጆሮ ብቻ ነው። ድምፁ የመጣው ከወንበሩ በኩል፤ ወንበሩ የሎርን። በቃ።

«ሎርን! ማን አስወጣቸው አለህ?»

«አንተ ጎመን! ዋንጫውን ሸጥከው!»

የፖፕኮርን ዕቃ፣ የኮካ ብርጭቆ፣ አንድ ቦት ጫማ ወረደበት። ሎርን ለመከላከል አፉን ከፈተ፤ የበሩ ማጠፊያ ድምፅ ወጣ። የቦርዱ ሊቀ መንበር የኮት ኪሱን እየዳበሰ ደረጃውን ሲወርድ አየነው፤ የስንብት ወረቀት ይሁን መሐረብ የፈለገው ማንም አልጠየቀም። ኦረስት ግን አየ። የሎርንንም እጅ አየ፤ ሎርን ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያቺን አንድ ቃል በእጅጌው ጠረጋት። ማስረጃው እሷ ብቻ ነበረች።

ዱዌይን ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ እያለከለከ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ተጠጋ።

«ኮች፣ እኛ ምንም አልሰማንም። እሺ? እርስዎ ዝም ይበሉ ብቻ።»

በማዳመጫው ደግሞ ሞሪን መጣች። እሷ የሜዳውን ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ የምትሰማ ሴት ናት።

«የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ተመልካቹ አልሰማም። ጫጫታ ነበር ትላለህ፣ ያልፋል። ውሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

የኦረስት አውራ ጣት አሁንም ቁልፉ ላይ ነበረች። ጥፍሩ ነጥቷል።

«ወደ ኦረስት እንሂድ» አለ ጋርኔት በስርጭቱ፤ ምስኪን፣ ምንም አያውቅም። «ኦረስት፣ አንተ እዚያው ነህ። ሎርን ቶርሰን ነው የጠራቸው? እንዲህ ያለ ስህተት አይተህ ታውቃለህ?»

በቤቱ ስቴላ ድመቷን ታቅፋ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነበር። «አንድ ነገር በል፣ ወይም ምንም አትበል» አልኩት ትላለች፤ የቱን እንደፈለገች ግን ራሷም አታውቅም።

«ኦረስት? ትሰማኛለህ?»

አውራ ጣቱን አነሣ።

«እሰማሃለሁ፣ ጋርኔት። ሎርን አይደለም። ሎርን ድምፅ የለውም፤ ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ የለውም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ቆሜ፣ የሳል ቁልፍ ተጭኜ። ሊጉም ይስማ፣ ቦርዱም ይስማ። ያንን ጫማ የወረወረው ሰው ደግሞ ሌላኛውን ወደ እኔ ይወርውር፤ ነጠላ ጫማ ይዞ ቤቱ አይግባ።»

ስለ ሰሌዳው ቃል አልተነፈሰም። እኛም የሰማነው በሰኔ፣ ከዱዌይን አፍ ነው።

በእኛ ዘንድ የፍጻሜ ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ይጨባበጣሉ፤ የተሰበረ አፍንጫም ቢኖር፣ የተሰደበች እናትም ብትኖር። ተንታኝ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አራቱ የሃልብራይት ልጆች ግን በኦረስት መስታወት በር በኩል ሲያልፉ ቆሙ።

«ኮች፣ አመሰግናለሁ» አለ አንደኛው እየሳቀ እጁን ዘርግቶ። «ዋንጫ ሰጡን።»

«ዝም በል አንተ። በጥሪ ሰዓት አሁንም ግራ እግርህን ነው የምታስቀድመው።»

መጨረሻ ላይ ቬይኮ መጣ፤ ፂም ገና ያላወጣ፣ ላቡ በአገጩ የሚንጠባጠብ።

«የጮህከው አንተ ነህ? ምን ነበር ያልከው?»

«ቀይር ነው ያልኩት። ማለት፣ ደክማችኋል፣ ውጡ።»

«ውይ» አለ ቬይኮ ከልቡ አዝኖ። «እኔማ ሞቼ ነበር። ላንተ መታዘዝ እንዳለብኝ ባውቅ እወጣ ነበር።»

ሞሪን ሰኞ ጠዋት ደወለች። ንግግሯ እንደ ልማዷ አጭር ነበር፤ ውሉ ተቀደደ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን «ጥሩ ስርጭት ነበር» አለችው። ለጣቢያው አራት መቶ ደብዳቤ መጣ፤ ግማሹ «ለምን አልተባረረም?»፣ ግማሹ «ለምን ተባረረ?» ይላል። ሊጉ በበኩሉ ኦረስት ዳኒሉክ ከሁለቱ የተቀያሪ ወንበሮች መካከል ለዘላለም እንዳይቆም በወፍራም ወረቀት ጽፎ አገደ።

ኦረስት በጋውን ሙሉ በመቃብሩ በኩል ዞሮ ዳቦ ገዛ። ድመቷ መከራዋን አየች። ሎርን ሥራው ላይ ቆየ፤ ጉሮሮው ግን ሐኪም ቢያይለት፣ ማር ቢጠጣ፣ እምቢ አለ።

በመስከረም አንድ ጠዋት ኦረስት ሊወጣ ሲል በፒክአፑ መጥረጊያ ሥር ወረቀት አየ። ውርጭ ገና አልወረደም። ስቴላ በወጥ ቤቱ መስኮት እንዳየችው፣ ሰውየው ከመኪናው ውስጥ የበረዶ መፋቂያውን አውጥቶ፣ በእጁ ይዞ፣ ደረቁ መስታወት ፊት ብዙ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ሳበው። ሙሉውን፣ ሳይቀደድ።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ። ሊጉ የከለከለህ ከወንበሮቹ መካከል እንዳትቆም ነው፤ ከወንበራችን ጀርባ እንዳትቆም የጻፈው ነገር የለም፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሃሳቡን እኔ አመጣለሁ። ሎርን።»

ማክሰኞ ማታ ካፌው ውስጥ ሆነን ሰማነው። የሊ ሲኒዎች መደርደሪያው ላይ ተንቀጠቀጡ፤ እኔም ያለ ምክንያት ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ተዛወርኩ። ስቴላ እንደምትለው ድመቷ በዚያ ሰዓት ሶፋው ላይ ወጥታ፣ አንድ ዓይኗን ከፍታ ሃምሳ ሰከንድ ጠበቀች። ማንም አልጠራትም። ተኛች።